ባንኮች ሲዋሃዱ የክልላዊ ባንክ አክሲዮን እንዴት ይገዛል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ንግድ ባንኮች ነበሩ። ዛሬ የተቀማጭ መድን ያላቸው ባንኮች 4 ሺህ 500 እንኳ አይሞሉም። ከግዛት ግዛት ተሻግሮ ቅርንጫፍ መክፈትን የፈቀደው የ1994 ሕግ መንገዱን ጠረገ፤ በ2025 ደግሞ በተወሰነ የአገሪቱ ክፍል ላይ ያተኮሩት ክልላዊ ባንኮች፣ ፒናክል ከሲኖቨስ፣ ፊፍዝ ሰርድ ከኮሜሪካ፣ ሀንቲንግተን ከካደንስ ጋር ለመዋሃድ ተስማሙ።

እንዲህ ባለ ወቅት ሁሉም ሰው «ቀጥሎ የሚሸጠው የትኛው ነው?» እያለ ይገምታል። ግምቱ ደስ ይላል፤ ገንዘብ የሚያመጣው ግን አልፎ አልፎ ነው። ገዢ ሳይመጣ ዓመታት ቢያልፉ የማያንገበግባችሁን ባንክ ምረጡ። ገዢው ከመጣ ምርቃት ነው።

መጀመሪያ የስም ዝርዝር አውጡ። የፌዴራሉ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ኮርፖሬሽን ድረ ገጽ የባንኮችን የየሩብ ዓመት ሪፖርት በነጻ ይሰጣል። ክፍያ የሚጠይቁ የአክሲዮን መምረጫ መተግበሪያዎች ለዚህ ሥራ አያስፈልጉም፤ ብዙዎቹ ባንክን እንደ ፋብሪካ ስለሚመዝኑት እንዲያውም ያሳስታሉ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው፦ የባንኩን እውነተኛ የተጣራ ሀብት ማስላት። አንድ ባንክ 1 ቢሊዮን ዶላር ካፒታልና 50 ሚሊዮን አክሲዮን አለው እንበል። በመዝገብ የአንዱ ዋጋ 20 ዶላር ነው፤ በገበያ በ15 ዶላር ሲሸጥ ርካሽ ይመስላል። ባንኩ ቀደም ሲል ሌሎችን ሲገዛ ከሀብታቸው በላይ የከፈለውን፣ በመዝገብ «መልካም ስም» ተብሎ የተቀመጠውን 150 ሚሊዮን ቀንሱ፤ 17 ዶላር ይቀራል።

እዚህ ላይ አታቁሙ፤ የሂሳብ መግለጫውን ማብራሪያ ገልጣችሁ ቦንዶቹን ፈልጉ። እስከ መክፈያ ቀናቸው ሊያዙ የተመደቡ ቦንዶች የወለድ ምጣኔ ጨምሮ የገበያ ዋጋቸው ቢወድቅም ኪሳራው ከካፒታሉ ላይ አይነሳም። ማብራሪያው ውስጥ ግን የገበያ ዋጋቸው ጎን ለጎን ተጽፏል። ልዩነቱ 200 ሚሊዮን ከሆነ፣ ኪሳራው የሚያስቀንስለትን 21 በመቶ የፌዴራል ግብር አስቡለትና 158 ሚሊዮን ቀንሱ። ለአንዱ አክሲዮን የሚቀረው 13 ዶላር ከ84 ሳንቲም ነው፤ በ15 ዶላር ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ አረፈው።

ይህን ስሌት የሚንቅ ሰው ሲሊከን ቫሊ ባንክን ያስታውስ። በ2022 መጨረሻ እንዲህ በተያዙ ቦንዶቹ ላይ ያልተመዘገበው ኪሳራ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ጠቅላላ ካፒታሉ ደግሞ 16 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ቁጥሩ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ለማንም ክፍት ነበር፤ ባንኩ በመጋቢት 2023 ወደቀ። ገዢ ባንክም ይህንኑ ስሌት መሥራቱ አይቀርም፤ የሚጠቀልለውን ባንክ ሀብት በገበያ ዋጋ የመመዝገብ ግዴታ አለበት።

ከዚያ ተቀማጩን እዩ። ወለድ የማይከፈልበት ተቀማጭ የበዛበት ባንክ ፈላጊ አያጣም። ከ250 ሺህ ዶላር የመድን ጣሪያ በላይ የሆነው ድርሻ ከበዛ ግን እለፉት። ለቢሮ ሕንፃዎች ያበደረው ከበዛም እንዲሁ።

የሚገዛውን ባንክ አክሲዮን መያዝም የራሱ ወጥመድ አለው። ኒውዮርክ ኮሚዩኒቲ ባንኮርፕ ፍላግስታር ባንክን ጠቅልሎ፣ ከወደቀው ሲግኔቸር ባንክም ብዙ ወስዶ፣ ሀብቱ የባንክ ቁጥጥር ደንቡ ከሚከብድበት የ100 ቢሊዮን ዶላር መስመር አለፈ። በጥር 2024 መጨረሻ የሩብ ዓመት የትርፍ ድርሻውን ከ17 ሳንቲም ወደ 5 ሲያወርድ አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ወረደ።

ስምምነት ከታወጀ በኋላ የተሸጠው ባንክ አክሲዮን ወደ ስምምነቱ ዋጋ ይጠጋል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይደርስበትም። የቀረችውን ልዩነት ለመልቀም መግባት ለጀማሪ አይሆንም። የካናዳው ባንክ ቲዲ የአሜሪካውን ፈርስት ሆራይዘን ባንክ አንዱን አክሲዮን በ25 ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ ውሉ በግንቦት 2023 ሲፈርስ፣ የፈርስት ሆራይዘን አክሲዮን ወደ 10 ዶላር አካባቢ ወረደ።

ቀድማችሁ የያዛችሁት ባንክ ከተሸጠ ግን ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በአክሲዮን? የኮሜሪካ ባለአክሲዮን ለአንዱ አክሲዮን የተመደበለት 1.8663 የፊፍዝ ሰርድ አክሲዮን ነበር፤ ስለዚህ ያንኑ የሀብት ስሌት በገዢው ባንክ ላይ እንደገና ሥሩ። ካልጣማችሁ ውህደቱ እስኪጠናቀቅ ሳትጠብቁ ሽጡ። ከያዛችሁም ሙሉ አክሲዮን የማይሞላው ሽርፍራፊ በጥሬ ገንዘብ ስለሚከፈል ወደ ሂሳባችሁ መግባቱን አረጋግጡ።