የንዝረት ሴንሰር ኖይዝ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በአዲስ አበባ በሜክሲኮና በለገሃር ዙሪያ ባሉ ረጃጅም ሕንጻዎች ምድር ቤት ውስጥ የውኃ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና የአየር ማራገቢያ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ፣ በፓምፑ ላይ የተገጠመ የንዝረት ሴንሰር ከፓምፑ ያልመጣ ሲግናልም ያነሳል፤ ኖይዝ የምንለው ይህንን ነው። ስለዚህ አንድም ሽቦ ሳይነካ በፊት ፓምፑን አቁሞ፣ ሴንሰሩን ግን ሳያጠፉ ንባቡን ማየት ይገባል። የሚቀረው ንባብ ከኤሌክትሪኩ፣ አለዚያም ወለሉን አቋርጦ ከጎረቤት ማሽን የመጣ ነው።

ምልክት፦ ፓምፑ ቆሞም በስፔክትረሙ (ንዝረቱን በድግግሞሽ ከፋፍሎ በሚያሳየው ግራፍ) ውስጥ በ50 ኸርዝ ላይ ሹል መስመር ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የኬብሉ ሺልድ (ሽቦዎቹን ከውጭ ኖይዝ የሚከላከለው የብረት ሽፋን) በሁለቱም ጫፍ ግራውንድ መደረጉ፣ ማለትም ከመሬት ጋር መገናኘቱ ነው፤ በሁለቱ ግራውንዶች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በሺልዱ ውስጥ ከረንት ያስኬዳል። መፍትሔው ሺልዱን በመለኪያ መሣሪያው በኩል ብቻ አስሮ፣ የሴንሰሩን ጫፍ ማላቀቅና በቴፕ መሸፈን ነው። የሞተሩ የደኅንነት ግራውንድ ግን ለሰው ሕይወት የተሠራ በመሆኑ በምንም ምክንያት አይፈታም።

እዚህ ላይ አንድን ድግግሞሽ ከሲግናሉ በሚያስወግድ ፊልተር መቸኮል ያሳስበኛል። ባለሁለት ፖል (ሁለት መግነጢሳዊ ዋልታ ያለው) ሞተር በደቂቃ 2950 ዙር ገደማ ሲዞር የራሱ ንዝረት 49.2 ኸርዝ አካባቢ ስለሚውል፣ 50 ኸርዝን የሚያጠፋ ፊልተር የዘንጉን ሚዛን መዛባት አብሮ ይደብቃል። ሁለቱን ለመለየት በስፔክትረሙ መስመሮች መካከል ያለውን ክፍተት ወደ 0.25 ኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ያስፈልጋል። በ100 ኸርዝ የሚታየው ደግሞ የሞተሩ እውነተኛ ኤሌክትሮማግኔታዊ ንዝረት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ኃይሉ በተቋረጠበት ቅጽበት ይጠፋል።

ምልክት፦ ኖይዙ የሚመጣው የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው ድራይቭ ሲነሳ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሴንሰሩ ኬብል ከሞተሩ ኬብል ጋር በአንድ መስመር ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ይለያዩ፣ መሻገር ግድ ከሆነም በቀጥተኛ ማዕዘን ይሻገሩ።

ምልክት፦ የንዝረት ፍጥነት ስፔክትረሙ ወደ ዜሮ ኸርዝ ሲጠጋ እንደ ዳገት ይወጣል። ሴንሰሩን ከማሽኑ ጋር የሚያጣብቀውን ማግኔት ሥር ይመልከቱ፦ ቀለም በተቀባና በጎበጠ ቦታ ላይ ተቀምጦ ቀጭን ወረቀት ከጠርዙ ሥር የሚገባ ከሆነ ሴንሰሩ ይወዛወዛል። ቀለሙን ፍቆ ቦታውን ማስተካከል፣ ቢቻል በብሎን ማሰር፣ ኬብሉንም ከሴንሰሩ አጠገብ እንዳይርገበገብ መያዝ ይበጃል። ኃይል እንደተሰጠውም እስኪረጋጋ ሳይጠብቁ አይለኩ።

በክረምት ንባቡ መዋዠቅ ከጀመረ እርጥበት ወደ ኮኔክተሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። በ24 ቮልት የሚሠራ የተለመደ ሴንሰር ባያስ ቮልቴጅ (ንዝረት በሌለበት በመስመሩ ላይ የሚኖረው ቋሚ ቮልቴጅ) ከ10 እስከ 12 ቮልት ገደማ ነው፤ ወደ ዜሮ ከወረደ ሾርት፣ ወደ 24 ከወጣ የተቆረጠ መስመር ይፈለጋል። እርጥበት ከተገኘ ኮኔክተሩን አድርቆ ማሸግ፣ ዝገት ከያዘውም መለወጥ ያስፈልጋል።