ስለ አውሮፓ ሠዓሊዎች ስናወራ ልንተዋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማኔ እና ሞኔ በአማርኛ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። በፈረንሳይኛም ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት። ቢምታቱብን አይገርምም። እነሱ በሕይወት እያሉም ሰው ያምታታቸው ነበር። በ1865 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳሎን በሚባለው የፓሪስ ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ የሁለቱም ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር። ሰዎች ወደ ማኔ እየመጡ ስለ ባሕር ሥዕሎቹ «እንኳን ደስ ያለዎት» ይሉት ነበር ይባላል። የባሕሩ ሥዕሎች ግን የሞኔ ነበሩ። ማኔ በጣም ተናደደ።

በቀላሉ ለመለየት እንዲህ ያዟቸው። ኤድዋር ማኔ ታላቅየው ነው፤ በ1832 ተወልዶ በ1883 ሞተ። የሚሥለው ሰው ነው፤ የፓሪስን ሰው። ጥቁር ቀለም ሲጠቀም ያስቀናል። ክሎድ ሞኔ ደግሞ የብርሃንና የውኃ ሠዓሊ ነው። እስከ 1926 ኖሯል፤ የመጨረሻ ዓመታቱን ዢቨርኒ ባለው አትክልት ቦታው ኩሬውን ሲሥል አሳልፏል። ማኔ ከኢምፕሬሽኒስቶቹ (እነ ሞኔ ያሉበት የሠዓሊዎች ቡድን፤ ስሙ እንዴት እንደመጣ ከታች አለ) ስምንት ዐውደ ርእዮች በአንዱም አልተሳተፈም። ወዳጃቸው ነበር፤ ግን እሱ የሚፈልገው በሳሎን መከበርን ነበር።

«ኢምፕሬሽኒስት ነን ብለው ተነሡ»

ይሄ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ስህተቶች የሚመጡት ከዚህ ነው። ንቅናቄ ሲባል ሰዎች ተሰብስበው፣ ስም አውጥተው፣ ደንብ ጽፈው የጀመሩት ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም።

በኤፕሪል 1874 ወደ 30 የሚሆኑ ሠዓሊዎች ፎቶ አንሺው ናዳር ይሠራበት በነበረ ስቱዲዮ የራሳቸውን ዐውደ ርእይ ከፈቱ። የማኅበራቸው ስም ውስጥ «ኢምፕሬሽን» የሚል ቃል አልነበረም። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ ግን የለ አቭር ወደብ ጎሕ ሲቀድ የሚያሳይ ነው። ርእሱ «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» ነበር። ሉዊ ለርዋ የተባለ ሐያሲ ይህችን ቃል ይዞ በአንድ የፌዝ ጋዜጣ ላይ ሁሉንም ቀለደባቸው። ያልተጨረሰ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ከዚህ ሥዕል የተሻለ ያለቀለት ነው አለ። ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። በ1877 ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ተቀበሉት።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። በ1905 ሠዓሊው ማቲስና ጓደኞቹ የሚጮህ ቀለም ይዘው ሲቀርቡ ሉዊ ቮክሴል የሚባል ሐያሲ «አራዊት» (በፈረንሳይኛ «ፎቭ») አላቸው። ፎቪዝም የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ያው ሰውዬ በ1908 የሠዓሊውን የዦርዥ ብራክን ሥዕሎች አይቶ ሁሉን ነገር ወደ ኩብ ለወጠው ብሎ ጻፈ። ኩቢዝምም ስሙን ከዚያ አገኘ።

ስለዚህ ሥዕል ፊት ስንቆም «ይሄ የየትኛው ንቅናቄ ነው?» ብሎ መጀመር ወደ ስህተት ይወስዳል። ሠዓሊውን ኤድጋር ደጋን ተመልከቱ። በየመጽሐፉ ኢምፕሬሽኒስት ተብሎ ይመደባል። እሱ ግን ስሙን ይጠላው ነበር። ሜዳ ወጥቶ መሣል አይወድም። ባሌሪናዎቹን (የባሌ ዳንሰኞቹን) የሚሥለው ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ፣ አስቦና ደጋግሞ ነው። ስሙን ትተን ሥዕሉን ካየን ይሄ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ቫን ጎግ አብዶ የሚሥል፣ አንድ ሥዕል ብቻ የሸጠ ኢምፕሬሽኒስት ነው»

በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ስህተት። አንድ በአንድ እንፍታው።

ኢምፕሬሽኒስት አልነበረም። ከእነሱ ግን ተምሯል። በ1885 የሣላቸውን «ድንች በሊዎቹ»ን ብታዩ ጨለማ ነው፤ መሬት መሬት የሚል ቀለም። በ1886 ፓሪስ መጣ፤ ቀለሙ በራ። ከዚያ በ1888 ደቡብ ፈረንሳይ ወዳለችው አርል ወርዶ የራሱን መንገድ ያዘ። ዛሬ የምንሰጠው ስም ፖስት ኢምፕሬሽኒዝም ነው፤ ከኢምፕሬሽኒዝም በኋላ እንደማለት። ስሙን ያወጣው ሮጀር ፍራይ የሚባል እንግሊዛዊ በ1910 ለንደን ውስጥ ላዘጋጀው ዐውደ ርእይ ነው። ቫን ጎግ በ1890 ነው የሞተው። ስሙን አልሰማውም።

አንድ ብቻ ሸጠ የሚባለው «ቀዩ የወይን እርሻ» የተሸጠው በ1890 ብራስልስ ላይ ነው። አና ቦክ የምትባል ሠዓሊ በ400 ፍራንክ ገዛችው። ግን በ1882 አጎቱ የሄግን ከተማ የሚያሳዩ ሥዕሎች አዝዞት ከፍሎታል። አንድ ብቻ የሚለው ታሪክ አሳዛኝ ስለሆነ ይጣፍጣል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም።

እብደቱ ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል። ሰውዬው ታምሟል፣ እውነት ነው። ግን ሕመሙ ሲነሣበት መሥራት አይችልም ነበር። የሚሥለው ሲሻለው ነው። ለወንድሙ ለቴዎ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው የሚያገኘው የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ምን እንደሚሆን በጥንቃቄ የሚያሰላ ባለሙያ ነው። «ከዋክብታማ ሌሊት»ን በጁን 1889 ሳን ሬሚ የሕክምና ተቋም ሆኖ ሣለው። ከመስኮቱ ያቺ መንደር አትታይም ነበር። ከራሱ ጨምሮ፣ አስቦበት ነው ያስቀመጣት።

እዚህ ላይ አንድ ስም ሁሌም ይረሳል። ቫን ጎግ በሞተ በስድስት ወሩ ቴዎም ሞተ። የቴዎ ሚስት ጆ ገና 28 ዓመቷ ነበር፤ ጨቅላ ልጅ ታቅፋ፣ ማንም የማይፈልገው የሥዕል ክምር ይዛ ቀረች። ጣይው ያሏት ነበሩ። እሷ ግን ዐውደ ርእይ አዘጋጀች፣ እያሰበች ሸጠች፣ በ1914 ደብዳቤዎቹን አሳተመች። ዛሬ ቫን ጎግን የምናውቀው በጆ ነው። ስሟ ከስሙ ጋር አብሮ መጠራት አለበት ባይ ነኝ።

«ፒካሶ መሣል ስለማይችል ነው እንደዚያ የሣለው»

ባርሴሎና ያለው የፒካሶ ሙዚየም ውስጥ «ሳይንስና ምጽዋት» የሚባል ሥዕል አለ። የታመመች ሴት አልጋ ላይ፣ አጠገቧ ሐኪምና ልጅ የያዘች መነኩሲት። እጅና ፊቱ፣ የልብሱ እጥፋት ሁሉ ልክ ነው። ፒካሶ ይህን በ1897 ሲሥል 15 ዓመቱ ነበር። መሣል ከቻለ በኋላ ነው ሌላ ነገር የፈለገው፤ ጊታርን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ በአንድ ጊዜ ማየት።

ኩቢዝም የእሱ ብቻ ሥራ ማድረግም ስህተት ነው። ዦርዥ ብራክ እኩል ሠርቶበታል። ባንዳንድ ሥዕሎች የማን እንደሆነ መለየት ይከብዳል። በዚያ ላይ በ1907 ፒካሶ ፓሪስ ትሮካዴሮ ሙዚየም ውስጥ የአፍሪካ ጭምብሎችን አይቶ በጣም ተነክቷል። አውሮፓ ብቻዋን የፈጠረችው ማስመሰል አይገባም።

«ጩኸት» ላይ ያለው ሰው እየጮኸ አይደለም

ኖርዌጂያዊው ኤድቫርድ ሙንክ በ1893 የሣለው ይህ ሥዕል ላይ የሚጮኸው ተፈጥሮ ነው። ሰውየው ጆሮውን የያዘው ላለመስማት ነው። አሁን እንደገና እዩት።

በስልክ አይቶ መፍረድ

በስልክ ላይ ሥዕል ሁሉ አንድ መጠን ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ የስፔናዊው ሠዓሊ የዳሊ የቀለጡ ሰዓቶች ግድግዳ የሚሞሉ ይመስሉኝ ነበር። 24 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የደብተር ገጽ ያህል። የፒካሶ «ጌርኒካ» ግን ወደ 8 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከፊቱ ስትቆሙ ይውጣችኋል። ስለ አንድ ሥዕል ስታነቡ መጠኑን ፈልጉ። ከዚያ ወለሉ ላይ በሜትር ለክታችሁ አስቡት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ በስልክ ስታዩት እንኳ ሌላ ሥዕል ይሆንባችኋል።

«ገብረ ክርስቶስ ከጀርመኖች ቀዳ»

ይሄን የምሰማው ከእኛው ሰው ነው። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሯል፤ የጀርመን ኤክስፕሬሽኒዝምን (ስሜትን በቀለምና በቅርጽ አጋኖ የሚያወጣውን አሣሣል) በደንብ ያውቃል። ነገር ግን ሙንክም ከፓሪስ ተምሯል፤ ቫን ጎግም ከጃፓን ኅትመቶች ተምሯል። ማንም ቀዱ አይላቸውም። ገብረ ክርስቶስ «ጎልጎታ»ን ሲሥል ይዞ የመጣው የቀለም ነጻነት ነው፤ ስቅለቱን ግን ያወቀው ከልጅነቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። ከስልክ ይልቅ እዚያ ሄዳችሁ ሸራው ፊት ቁሙ።