ከቦዲው አትጀምሩ

በ1/25 መጠን የሚገጣጠም የ1941 ዊሊስ ኩፔ መኪና የፕላስቲክ ሞዴል ገዝታችኋል? ቦዲውን ለጊዜው አስቀምጡት። መጀመሪያ ሞተሩ። በ1960ዎቹ አሜሪካ "ጋሰር" የሚሏቸው የድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት ውድድር) መኪኖች ነፍሳቸው እዚያ ነበር።

እኔ ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን ሞተር ትቼ፣ ከሌላ ሞዴል የተረፈኝን ክራይስለር 392 ሄሚ ገጠምኩ። ላዩ ላይ 6-71 ብሎወር፣ ማለትም አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ፣ ጫንኩበት። (ብሎወሩ መጀመሪያ የተሠራው ለጂኤምሲ ናፍጣ ሞተር ነው።)

ትዕግሥት የሚፈትነው የካንዴላ ገመዱ ነው። የእውነተኛው ውፍረት 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለ25 ሲካፈል 0.3 ይመጣል። ከተቃጠለ ቬንትሌተር የፈታሁት የመዳብ ሽቦ ልክ ሆነልኝ። ጥቁር ቀባሁት። የሄሚ ካንዴላ የሚገባው በቫልቭ ክዳኑ መሃል ስለሆነ፣ በየጎኑ አራት ቀዳዳ በ0.4 ፑንታ ብሱ። በእጅ! እኔ በኤሌክትሪክ ድሪል ቸኩዬ አንዱን ክዳን አቅልጬዋለሁ። ሱፐር ግሉውን በመርፌ ጫፍ ብቻ ንኩ።

የፊት አክስሉ ቀጥ ያለ፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ይሁን፤ አፍንጫው ቀና ይላል። የኋላ ጎማ ሰፊ፣ የፊቱ ቀጭን። ቀለሙ እንደ ምርጫችሁ። ለብሎወሩ ኮፋኖውን ብሱት፣ ግን አታጣብቁት። ያን ሁሉ ሽቦ ታዲያ ማን ያየዋል?