«ቦታ ተሰጠን» ከማለታችሁ በፊት

ለእድሮች፣ ለአረጋውያን መርጃዎችና ለልጆች ማዋያዎች የመሬት ጉዳይ ስከታተል ዓመታት ተቆጠሩ። ሰሞኑን አንድ ማኅበር ደወለልኝ። «እንኳን ደስ ያላችሁ በለን፣ ቦታ ተሰጠን!»

«ካርታው ወጣ?»

«የለም፣ ኃላፊው ቃል ገብተውልናል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

ስንቴ ልናገር? በቃል ቦታ አይያዝም! ኃላፊው ስብሰባ ላይ ይነሱና «ያቺ ባዶ ቦታ የእናንተ ናት» ይላሉ። ይጨበጨባል። በነጋታው ቆርቆሮ ይገዛል፣ ይታጠራል፣ ቡና ይፈላል፣ ባነር ይሰቀላል። ከጥቂት ወር በኋላ ኃላፊው ይዛወራሉ። አዲሱ ፋይሉን አምጡ ሲሉ ፋይል የለም። አንድ ማኅበር ለአረጋውያን ምገባ ብሎ ያጠረውን ቦታ ደንብ አስከባሪዎች በአንድ ጠዋት አፈረሱት። እናቶች ቆርቆሮውን ከመንገድ ዳር አንድ በአንድ ሲለቅሙ ቆሜ አይቻለሁ። ደብዳቤ አሳዩኝ ብል አንዲት ወረቀት አልነበራቸውም። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ሥልጣኑም የእሳቸው አልነበረም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በቀጥታ፣ ይሰጣል ነው የሚለው። በጭብጨባ አይልም። የበጎ አድራጎት ድርጅት ለማኅበራዊ አገልግሎት መስጫ በምደባ መጠየቅ ይችላል፤ ውሳኔው ደግሞ የካቢኔ ነው። ካቢኔው ሲወስን የሊዝ ውል፣ ከዚያ ካርታ። ቆርቆሮ ከዚያ በኋላ ይገዛል።

ከአርሶ አደር «በውል» መግዛትም አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል፤ ሦስት ምስክር ስለፈረመ የጨረቃ ቤት ሕጋዊ አይሆንም።

ካርታውን በሊቀ መንበሩ ስም ማስወጣት? በጭራሽ። ሰው ይሞታል፣ ወራሽ ይመጣል። እድራችሁ በራሱ ስም ንብረት የሚይዝበት ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

የከተማውን ፕላን ሳታዩ ቦታ አትምረጡ። ሜዳ የመሰላችሁ መንገድ ሊያልፍበት ይችላል።

«ቦታው ይገኝ እንጂ ገንዘቡ አይጠፋም» የሚሉኝን እወዳቸዋለሁ፤ ልባቸው ንጹሕ ነው። ግን ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሊዙ እስከ 99 ዓመት ቢሰጥም፣ ግንባታ የምትጀምሩበት ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። ቀኑ አልፎ ሣር ብቻ ከበቀለበት ውሉ ይቋረጣል፣ ቦታው ይመለሳል። ቢያንስ የመሠረቱንና የአጥሩን ገንዘብ ሳትይዙ አትፈርሙ።

የመጨረሻውን ስሕተት የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። ጀማሪ ሳለሁ የአንድ እድር ማመልከቻ ይዤ አንድ ቢሮ ገባሁ። ባለሙያው ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «እሺ፣ ይታያል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መዝገብ ቤት አላስገባሁትም፣ በእጄ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም አላስመታሁም። በአራተኛው ወር ስመለስ ባለሙያው ሌላ ክፍል ተዛውሯል። መዝገብ ቤት ሄድኩ።

«የገቢ ቁጥሩ ስንት ነው?» አለች ልጅቷ።

ቁጥር የለኝም።

«እንግዲያው አልገባም፣ ጋሼ» አለችና ወደ ሻይዋ ተመለሰች።