የቦሮዲኖን ሙትና ቁስለኛ እንዴት እንመዝን?

ቦሮዲኖ በ1812 የናፖሊዮን የፈረንሳይ ጦርና የሩሲያ ጦር በሞስኮ አቅራቢያ የተዋጉበት ቦታ ነው። ቁጥር ከመፈለጋችሁ በፊት የውጊያውን ወሰን አብጁ። ሩሲያውያን «ቦሮዲኖ» የሚሉትን ፈረንሳዮች «ሞስኮቫ» ይሉታል። በዘመኑ የሩሲያ ሰነድ ኦገስት 26 የተባለውም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 7 ቀን 1812 ነው፤ የ12 ቀኑን ልዩነት የረሳ አንዱን ውጊያ ሁለት ያደርገዋል። የባሰው ወጥመድ ሸቫርዲኖ ነው። ሴፕቴምበር 5 በዚያ ምሽግ የወደቁት በአንዱ ድምር ይገባሉ፣ በሌላው አይገቡም።

ቀጥሎ ሙት፣ ቁስለኛ፣ ምርኮኛና ደብዛው የጠፋ በየዓምዱ ይቀመጥ። ስለ ፈረንሳይ ጦር «28,000 ሰው ከውጊያ ውጭ ሆነ» የሚለውን «28,000 ሞተ» ብሎ መተርጎም ሙታኑን ከአራት እጥፍ በላይ ያበዛል፤ በዚያው ቆጠራ የሞቱት ወደ 6,500 ናቸውና።

ከዚያ እያንዳንዱን ወረቀት ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደጻፈው ጠይቁ። ናፖሊዮን ሴፕቴምበር 10 ባወጣው መግለጫ የራሱን ጉዳት 10,000፣ የሩሲያን ከ40,000 እስከ 50,000 አደረገው። («እንደ ጦር መግለጫ ይዋሻል» የሚለው አባባል የወጣው ከራሱ ወታደሮች አፍ ነው።) የሠራዊቱ ሹም የነበረው ዴኒዬ በ1842 ያሳተመው ቆጠራ ግን ወደ 28,000 ይደርሳል። እዚህ ላይ የስም ዝርዝር ይፈርዳል። ማርቲኒየን የተባለ ፈረንሳዊ በ1899 ያሳተመው መዝገብ የተገደሉና የቆሰሉ የናፖሊዮን ጦር መኮንኖችን በስም ይዘረዝራል፤ ለቦሮዲኖ ወደ 1,900 ይሆናሉ። የ10,000ው ቁጥር እውነት ከሆነ ከአምስት ተጎጂ አንዱ መኮንን ነበር ማለት ነው፣ የማይመስል ነገር። በ28,000 ከሄድን ከአሥራ አምስት አንድ ይመጣል፤ ያስኬዳል።

በሌላው ጫፍ 58,478 የሚል የፈረንሳይ ጉዳት አለ። እስከ አንድ ሰው ድረስ የተቆጠረ ስለሚመስል ያሳምናል። ምንጩ ግን ወደ ሩሲያ የከዳ ሽሚት የተባለ ሰው ነው፤ የሞስኮው ገዥ ሮስቶፕቺን በ1813 አሳተመው። አሥር መጽሐፍ ቢደግመውም ምስክሩ ያው አንድ ነው።

ከውጊያው በፊትና በኋላ የተያዘውን የሰው ኃይል መዝገብ ማቀናነስም ይረዳል። ልዩነቱ ግን በሽተኛውን፣ ወደ ኋላ የቀረውንና ለሌላ ግዳጅ የተላከውን ከተጎጂው ጋር ይቀላቅላል፤ በመካከል የደረሰ ተጨማሪ ጦር ካለ ደግሞ ጉዳቱን ያሳንሳል።

«ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ ሳይከፋፈል አይመለስም፦ ሜዳው ለማን ቀረ፣ የበለጠ ያለቀበት ማን ነው፣ ዓላማውስ ለማን ተሳካ? የሩሲያው ጦር አዛዥ ኩቱዞቭ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቀዳማዊ አሌክሳንደር መልካም ዜና ልኮ ፊልድ ማርሻል ተባለ፤ በማግስቱ ግን ሜዳውን ለቀቀ፣ ሴፕቴምበር 14 ናፖሊዮን ሞስኮ ገባ። ናፖሊዮንም ምርጥ ተጠባባቂ ጦሩ ከሆነው የክብር ዘበኛ አብዛኛውን ሳያሰልፍ ቀርቶ የሩሲያ ጦር ሳይደመሰስ አመለጠው።

ስትጽፉ ቁጥሩን ከነባለቤቱና ከነወሰኑ አስቀምጡ፦ «ፈረንሳይ ወደ 28,000 ሙትና ቁስለኛ፣ በዴኒዬ ቆጠራ፤ ሩሲያ ከ40,000 እስከ 45,000 ገደማ፣ ደብዛው የጠፋውን ጨምሮ»። ሁለቱን ጫፎች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ግን አይሠራም። የ10,000 እና የ58,478 አማካይ 34,239 ነው፤ ይህን ቁጥር የቆጠረ ሰው የለም።