ውድ ሚስተር ከበደ፦ ለጋሾችን ስናመሰግን የምንፈጽማቸው ስህተቶች

በዋሽንግተንና በአካባቢው የምንኖር የአንድ ወረዳ ተወላጆች ለትውልድ ቀያችን ትምህርት ቤት ገንዘብ ስናሰባስብ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ለጥቂት ዓመታት አገልግያለሁ። ገንዘብ የመጠየቁ ሥራ ሁላችንንም ያስጨንቀን ነበር፤ ማመስገኑን ግን ከድግስ ማግስት ወንበር እንደ መሰብሰብ ያለ ቀሪ ሥራ አድርገን እንቆጥረው ነበር። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ራሳችን ሠርተናቸዋል።

የመጀመሪያው ስህተት የሰውን ስም መሳት ነው። አሜሪካ የተሠሩ የለጋሾች መመዝገቢያ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ፣ ለጋሹ ዓለሙ ከበደ ቢባሉ ደብዳቤው «ውድ ሚስተር ከበደ» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳቸው አንድ አዛውንት ደውለው፣ «ልጄ፣ አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ይህን ምስጋና እንዳደርስላቸው ከሆነ ታገሠኝ፣ ገና አልቸኮልኩም» አሉኝ። ሳቅሁ፣ አፈርሁም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ በመዝገቡ ላይ «የመጠሪያ ስም» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረን፣ ሰውየው ሊጠሩበት የሚወዱትን ከነማዕረጉ፣ ወይዘሮም ይሁን ሐጂ፣ መምህርም ይሁን ቀሲስ፣ በእጃችን መጻፍ ጀመርን።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚላክ መልእክት «ላደረግህ/ሽው ድጋፍ» እያለ ሲደርስ ምስጋናነቱ ይቀርና የቀበሌ ቅጽ ይመስላል፤ ለእናት የሚሆኑ ሴት «ስለ ለገስህ» ተብለው ሲጻፍላቸውስ ምን ይባላል? «እርስዎ» ለወንድም ለሴትም ስለሚያገለግል በጅምላ ለሚላክ ደብዳቤ ከእርሱ የተሻለ የለም። ለእኩያ ጓደኛ ጠንከር ማለቱ አይቀርም፤ ለእርሱ ከግርጌ በእጅ «አንተዬ፣ ተባረክ» ብሎ መጨመር ይበቃል። ገንዘቡ በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት) ከሚስት ሒሳብ መጥቶ ምስጋናው ለባል ብቻ የተላከበት ጊዜም ነበር፤ ይህን ስህተት ለማየት የላኪውን ስም ማንበብ ብቻ ይበቃ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ደረሰኝንና ምስጋናን ማምታታት ነው። በአሜሪካ ሕግ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ የለገሰ ሰው ስጦታውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ ለማስቀነስ፣ የገንዘቡን መጠንና በምትኩ የተሰጠው ዕቃ ወይም አገልግሎት መኖር አለመኖሩን የሚገልጽ ጽሑፍ ከድርጅቱ ሊይዝ ይገባል። የእራት ትኬት በ150 ዶላር ገዝቶ የእራቱ ግምት 50 ዶላር ከሆነ፣ እንደ ስጦታ የሚቆጠርለት 100 ዶላሩ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር ባለፈ ጊዜም ድርጅቱ ይህን በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያገለገለ ኮምፒዩተር ለሰጠ ሰው ደግሞ ማኅበሩ የዕቃውን ዓይነት ይገልጻል እንጂ ዋጋ አይተምንም። እኛ እንደ አገር ቤት ልማድ ሒሳባችንን ሰኔ 30 ዘግተን የዓመቱን ማረጋገጫ በሐምሌ ስንልክ፣ ግብሩን እስከ ዲሴምበር 31 ላለው ዓመት ለሚያሳውቅ አባል ምንም አልጠቀምነውም። ይህ ሁሉ የሒሳብ ሥራ ነውና በራሱ ወረቀት ይሂድ፤ ምስጋናው ግን ስጦታው በገባ በሳምንት ውስጥ፣ ቁጥር ሳይበዛበት፣ ለብቻው ይድረስ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ የምጠላው የማይክራፎን ምስጋና ነው። በአዳራሽ ውስጥ መድረክ መሪው «አምስት ሺህ ዶላር! ይጨበጨብላቸው!» ሲል ደስታው ለጊዜው ይሞቃል፤ አርባ ዶላር በፖስታ አሽጋ የመጣችው የአረጋውያን ተንከባካቢ ግን ፖስታዋን ወደ ቦርሳዋ ስትመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ምሽት የተጨበጨበለት የተከፈለው ሳይሆን ቃል የተገባው ነበር፤ ካንዳንዱ ቃል ገቢ ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልመጣም። ስለዚህ ቃል ለገባ ሰው ስለ ቃሉ እናመስግን፣ «ስለ ለገሱን» ግን ገንዘቡ ሲገባ እንበል። መጠኑን ከመጥራት ይልቅ ስም ብቻ በፊደል ተራ ማንበብ ይሻላል፤ ከዚያም በፊት ስማቸው እንዲጠራ ይፈቅዱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» የሚለውን ቃል አክብሮ የሚሰጥ ክርስቲያን፣ ሰደቃውን መሰወር የሚመርጥ ሙስሊምም በመካከላችን አለ። እንዲህ ያለውን ሰው መድረክ ላይ ጠርቶ ጋቢ ማልበስ ውለታውን በቅጣት መመለስ ነው። ጋቢውም ሆነ በመስታወት የተሠራው የምስክር ወረቀት የሚገዛው ከተለገሰው ገንዘብ መሆኑን የሚያሰላ ለጋሽ አለ፤ ባይናገርም።

ምስጋና ብሎ ጀምሮ በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር የሒሳብ ቁጥር የሚጽፍ ደብዳቤም አለ። ስለዚህኛው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ልመናው በሌላ ቀን ይምጣ።

የተማሪዎችን ፎቶግራፍ በሚመለከት ግን መጠንቀቅ ይገባል። ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ «እናመሰግናለን» የሚል ባነር ማስያዝ ለጋሹን ያስደስተዋል ብለን እናስባለን፤ ልጁ ግን ነገ አድጎ ያንን ምስል በፌስቡክ ያገኘዋል። እኛ አሁን የምንልከው የትምህርት ቤቱን የመጻሕፍት መደርደሪያ ምስልና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በእጇ የጻፈችውን የውሰት መዝገብ አንድ ገጽ ነው፤ የልጆቹን ስም ሸፍነን፣ የተዋሱትን መጽሐፍ ርእስ ብቻ እናሳያለን።

የመጨረሻው ስህተት ሥራው ሲሰናከል ዝም ማለት ነው። አንድ ጊዜ የሰበሰብናቸው መጻሕፍት መጓጓዣ አጥተው ስምንት ወር መጋዘን ሲቀመጡ፣ አፍረን ለማንም ሳንጽፍ ቀረን። ካርቶኖቹን በገዛ እጃቸው ያሸጉ አባላት ወሬውን ከሌላ ሰው ሰሙ። መጻሕፍቱ በመጨረሻ ደርሰው ያማረ የምስጋና ደብዳቤ ስንልክ ከመካከላቸው አንደኛዋ በአንድ መስመር መለሱልኝ፦ «ደስ ብሎኛል፤ በጥር ብትነግሩን ኖሮ መኪና ያለው ወንድም ነበረኝ።»