የአሮጌ ፋብሪካን ታሪክ ከሕንፃው ማንበብ፤ ከእንግሊዝ የጫማ ፋብሪካ እስከ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ

በጎጃም የአሮጌ ሕንፃ ታሪክ መጻፍ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ገዳማቱ ወይም ደብረ ማርቆስ ወደሚገኘው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ነው። ፋብሪካን እንደ ቅርስ የሚያየው ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ስለ አሠሪውና ስለ ሠራተኛው ኑሮ የፋብሪካን ያህል በግልጽ የሚናገር ሕንፃ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ሕንፃ ማጥናት ለሚፈልግ ተማሪ ወይም መምህር ነው።

ሕንፃውን ከፊት ለፊቱ አይጀምሩ። በመጀመሪያ ውስጡ ይሠራ የነበረውን ሥራ ከጥሬ ዕቃው እስከ መጨረሻው ምርት በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሥራ ምን ያህል ብርሃን፣ ምን ያህል ክብደት የሚሸከም ወለልና ምን ዓይነት ኃይል እንደሚጠይቅ ከጎኑ ያስፍሩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግቢው መግባት የሚገባዎት።

ለዚህ ዘዴ ጥሩ መለማመጃ የሚሆኑት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1901 ባለው ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር የተሠሩት የጫማ ፋብሪካዎች ናቸው። የጫማ ከተማ በምትባለው በኖርዝሃምፕተን ጫማ ሠሪው ቀድሞ የሚሠራው በቤቱ ወይም በጓሮው በቆመች ትንሽ ክፍል ነበር። በ1850ዎቹ የቆዳ መስፊያ ማሽን ሲገባ ሠራተኛው ወደ አንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብን ስለጠላ ሥራ እስከ ማቆም ደርሷል። ሆኖም ፋብሪካው አሸነፈ፤ በመኖሪያ ቤቶች መካከል፣ ብዙውን ጊዜ በመንገድ ጥግ ላይ፣ ሦስት ፎቅ ያህል ከፍታ ያላቸው ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃዎች ተተከሉ። የጫማውን የላይኛውን ቆዳ የሚቆርጠው ባለሙያ በቆዳው ላይ ያለችውን ጠባሳ ሁሉ ለይቶ ማየት ስላለበት የሚቀመጠው ብርሃን በሚበዛበት የላይኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ ሶል የሚቆርጡት ከባድ ማሽኖች ደግሞ ወለሉን እንዳያናውጡት ከታች ተተከሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሕንፃ ከላይ ያሉት መስኮቶች ተቀራርበው ሲደረደሩ ቢያዩ ለውበት ብቻ እንዳልሆነ ይረዱ።

የኃይሉን ምንጭ መፈለግ ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። በዚያ ዘመን አንድ ሞተር ፋብሪካውን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰው በጣሪያው ሥር በሚዞር ረጅም የብረት ዘንግና ከዘንጉ ወደየማሽኑ በሚወርድ የቆዳ ቀበቶ ነበር። ዘንጉ ከተነቀለ ብዙ ዓመት ቢያልፈውም ምልክቱ አይጠፋም፦ በብረት ምሰሶው አናት ላይ የቀሩ የብሎን ቀዳዳዎች፣ በግድግዳው ውስጥ የተደፈነ ክብ ቀዳዳ፣ ወለሉ ላይ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ አራት ማዕዘን። እነዚህን ከቀለም በፊት ፎቶግራፍ ያንሡ፤ እድሳት መጀመሪያ የሚያጠፋው እነርሱን ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን ገንዘቡ የተገኘው ጣሊያን ከወረራው በኋላ ለኢትዮጵያ ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው፤ የቆቃ ግድብም የዚሁ ካሳ ፍሬ ነው። ከእንግሊዙ ጠባብ መንደር በተለየ፣ እዚህ ሰፊ መሬት ነበር፤ በዘመኑም እያንዳንዱ ማሽን የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊኖረው ስለሚችል ሥራውን ፎቅ በፎቅ መደራረብ ግድ አልነበረም። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው ግን በ1956 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ልዩነት ያስተዋለ አጥኚ፣ ማሽኖቹ በመጀመሪያ በምን ኃይል ይዞሩ እንደነበር ጠይቆ የጄኔሬተር ቤትና የነዳጅ ማከማቻ ምልክት በግቢው ይፈልጋል።

ጣሪያውን ሲመረምሩ ለኬክሮሱ ይጠንቀቁ። በእንግሊዝ ወደ ሰሜን የተከፈተ የጣሪያ መስኮት በሥራ ሰዓት የፀሐይ ጨረር ሳይሆን ለስላሳ ብርሃን ብቻ ያስገባል። በባሕር ዳር ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ስለሆነ ያው መስኮት ጨረሩን ይቀበላል፤ እርግጥ ክረምቱ ሲገባ ደመናው ጉዳዩን ያቀልለዋል። ስለዚህ ማንኛውንም የጣሪያ መስኮት ሲያገኙ አቅጣጫውን በኮምፓስ ይለኩ፤ መስታወቱ ቀለም ተቀብቶ ወይም በቆርቆሮ ተሸፍኖ ከሆነም ይመዝግቡ።

ለመለካት ከመግባትዎ በፊት ከአስተዳደሩ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ ያለ እርሱ ዘበኛው ከበር ይመልስዎታል፣ ቢመልስዎትም አይፈረድበትም። ጡረታ የወጡትን ሠራተኞች ሲያነጋግሩ «መቼ ተሠራ?» ብለው አይጀምሩ፤ ይልቁንም ወደ ክፍሉ ይዘዋቸው ገብተው «እርስዎ የቆሙት የት ነበር? ድሩስ ከየት ይመጣልዎት ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ እግራቸው ራሱ ቦታውን ያሳይዎታል። የሚነግሩዎት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሲሆን በማሽኑ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ የሚያሳየው በፈረንጆቹ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚያህለው ልዩነት ቅራኔ እንዳይመስልዎ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይጻፉ።